ምላሱም ከንፈሩም ታስሯል ተባልን፤ ሁሉንም እናስቆርጥ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ወንድ ልጄ አምስት ሳምንቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ሲጠባ ያመኛል፤ የጡቴ ጫፍ ተሰነጣጥቋል፣ ከአፉ ሲወጣም በአንድ ጎን ተጠፍጥፎ ነው። ሲጠባ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፤ ቀንሶ በሁለተኛው ሳምንት ወደዚያው ተመለሰ፣ አሁን 3.6 ሆኗል። አንድ የጥርስ ሐኪም አይቶት ‹ምላሱም የላይኛው ከንፈሩም ታስሯል፤ ሁለቱንም በሌዘር እንቁረጠው› አለን። አብራን የነበረችውን የአራት ዓመት ልጄንም አፏን ከፍቶ አየና ‹የፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነው በከንፈሯ ክር ነው፤ እሷም ይሠራላት› አለ። ልጅቷ ‹ር›ን ‹ል› እያለች ነው የምታወራው። ባለቤቴ 36 ዓመቱ ነው፤ ምላሱን ሲያወጣ ጫፉ መሐሉ ላይ ይሰረጉዳል። ‹እንግዲያው እኔም ልቆረጥ፣ ማንኮራፋቴም ይተወኝ ይሆናል› ይላል። ሕፃኑ አሁኑኑ ካልተቆረጠ ሲያድግ ንግግሩ ይበላሻል የሚሉኝም አሉ። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ እናስጨርስ?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም። በዚህ ጉዳይ የጥርስ ሐኪሙ፣ የሕፃናት ሐኪሙ፣ የአንገት በላይ ሐኪሙና የጡት ማጥባት ባለሙያው አንድ ቃል ሲናገሩ ማግኘት ከባድ ነው። እኛ የምንመራበት መለኪያ ይህ ነው፦ ክር ስለታየ አይቆረጥም፤ ሥራ ሲያስተጓጉል ነው የሚቆረጠው። በዚህ መለኪያ ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ አላቸው። የሕፃኑ ምላስ ምናልባት መቆረጥ ይኖርበት ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን አጠባቡ በባለሙያ ይታይ። የሕፃኑ ከንፈር አይነካ። ሴት ልጅዎ አሁን የሚቆረጥ ነገር የላትም። ባለቤትዎም ለማንኮራፋት ብለው ምላሳቸውን አያስነኩ።

ምላስ ወደ ላይ ሲነሣ ከሥሩ መሐል ለመሐል የሚወጠረው ስስ ክር ሁሉም ሰው ላይ አለ። ጡንቻ አይደለም፤ የአፍን ወለል የሚሸፍነው ልባስ ምላስ ሲነሣ ተስቦ የሚሠራው እጥፋት ነው። አንዱ ላይ ስስና የሚሳሳብ፣ ሌላው ላይ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ አንዱ ላይ ከምላሱ ጫፍ፣ ሌላው ላይ ከመሐሉ ይነሣል። «ታሰረ» የሚባለው ምላሱ እንዳይነሣ፣ እንዳይወጣ ወይም እንዳይዘረጋ ሲያግደው ነው። ከ100 ሕፃናት ከ4 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይገኛል ይባላል፤ ቁጥሩ የሚለያየው መርማሪዎቹ የሚጠቀሙበት መለኪያ ስለሚለያይ ነው። ወንዶች ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይወርዳል፤ ስለዚህ የአባትና የልጅ መመሳሰል እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ጠብተው ያድጋሉ።

ከሕፃኑ እንጀምር፤ በቅድሚያ ክብደቱን እናስላ። በሁለተኛው ሳምንት 3.1 ከነበረና ዛሬ 3.6 ከሆነ በ21 ቀን 500 ግራም ጨምሯል፤ በቀን ወደ 24 ግራም መሆኑ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቀው በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ስለሆነ ልጁ አልተራበም። በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ወይም ከዚያ በላይ ዳይፐር የሚያረጥብ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይረጋጉ። ጊዜ አለዎት ማለት ነው። የእርስዎ ሕመም ግን እንደ ትርፍ ነገር አይታይ፤ እናቶች ጡት ማጥባት የሚያቆሙበት አንዱ ትልቅ ምክንያት እሱ ነውና ልጁ ቢወፍርም ባይወፍርም መታከም አለበት።

የጡትዎ ጫፍ ተጠፍጥፎ መውጣቱ ልጁ ጫፉን በድዱና በላንቃው መካከል እየጨመቀ መሆኑን ይናገራል። ጠቅ የሚለው ድምፅ ደግሞ ምላሱ ጡቱን ስቦ ከያዘበት ሲያመልጥ የሚሰማ ነው። ሁለቱም በታሰረ ምላስ ይመጣሉ። ችግሩ፣ ምላሱ ደህና ሆኖ የጡቱን ጫፍ ብቻ ይዞ በሚጠባ ልጅም ላይ ይመጣሉ። ወተቱ በኃይል ሲፈስበትም ልጅ ጠቅ እያደረገ ይለቃል። ሁለቱን የሚለየው አያያዙን አስተካክሎ ማየት ነው።

የልጁ ሆድ ከሆድዎ ጋር ይግጠም፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው ባንድ መሥመር ይሁኑ፣ አንገቱ አይጠማዘዝ። ከጡትዎ ጫፍ ትይዩ የሚሆነው አፍንጫው ነው። በጫፉ የላይኛውን ከንፈሩን ነካ ነካ ሲያደርጉት ቀና ብሎ አፉን በሰፊው ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ልጁን ወደ ጡቱ ያምጡት፣ ጡቱን ወደ ልጁ አይውሰዱ። አገጩ ቀድሞ ጡቱን ይንካ። ማጅራቱን አይግፉት፤ ሲገፋ አገጩ ደረቱ ላይ ይቀበርና አፉ ይጠብባል። መዳፍዎ በትከሻዎቹ መካከል ይረፍ። በደንብ ሲይዝ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክብ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ የሚታየው ይበዛል፣ ከታችኛው በታች የሚታየው ያንሳል። መጀመሪያ ላይ ቢያምም በግማሽ ደቂቃ ውስጥ መርገብ አለበት። ካልረገበ ትንሿን ጣትዎን በአፉ ጥግ አስገብተው አየር ያስገቡና አላቅቀው እንደገና ይሞክሩ። ሳያላቅቁ መጎተት የተሰነጠቀውን ይባስ ያሰፋዋል። ሕመሙ የማይቻል ከሆነ በዚያ በኩል ለአንድ ሁለት ቀን ወተቱን እያለቡ በኩባያ ወይም በማንኪያ ይስጡት፤ ማለቡን ግን ልጁ በሚጠባበት ልክ፣ በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ወተቱ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሥሩት። የጡት ማጥባት ባለሙያ ወይም ልምድ ያላት አዋላጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሙሉ ጥቢ ቁጭ ብላ ትይልዎ። ሌላም ምክንያት አብሮ ይታያል፦ በልጁ ጉንጭና ምላስ ላይ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚዞር ከሆነ የአንገቱ ጡንቻ ተኮማትሮ ይሆናል። እነዚህን መቀስም ሌዘርም አያድናቸውም። ጥቢውን ሳያይ አፍ ብቻ ከፍቶ «ይቆረጥ» ለሚል ሐኪም፣ የቱንም ያህል ስም ቢኖረው፣ አይቸኩሉለት።

አፉን ራስዎ ማየትም ይችላሉ። ልጁን ጭኖችዎ ላይ አስተኝተው ጭንቅላቱ ወደ እርስዎ፣ እግሮቹ ከፊትዎ ወደተቀመጠ ሰው ይሁኑ። በታጠቡ፣ ጥፍራቸው ባጠረ ሁለት ሌባ ጣቶች ምላሱን ከግራና ከቀኝ ከሥሩ ቀና ያድርጉት፤ ክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ ይታያል። ቀጥሎ ጣትዎን የታችኛው ድዱ ላይ ከመሐል ወደ ጎን ያንሸራትቱ፤ ደህና ምላስ ጣቱን ይከተላል። ሲያለቅስ ይመልከቱት፦ የታሰረ ምላስ ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ይነሣና መሐሉ ይሰምጣል፤ ነፃ ምላስ ቢያንስ እስከ አፉ አጋማሽ ይነሣል። ባለሙያዎች ይህንኑ በነጥብ የሚመዝኑበት የብሪስቶል መለኪያ የሚባል አለ፤ የምላሱን ጫፍ ቅርፅ፣ ክሩ ታች የተያያዘበትን ቦታ፣ ምን ያህል እንደሚነሣና ምን ያህል እንደሚወጣ እያንዳንዱን ከ0 እስከ 2 ይሰጡታል። ከ8 ነጥብ 3 እና ከዚያ በታች ከሆነ ምላሱ በጣም ተይዟል ማለት ነው። ሐኪሙን ነጥቡን ይጠይቁት፤ «ታስሯል» ብቻውን መልስ አይደለም።

አያያዙ ተስተካክሎ፣ ምላሱም በርግጥ ተይዞ ተገኝቶ፣ ሕመሙ ግን ካልቀነሰ መቁረጡ ተገቢ ነው፤ ያን ጊዜ አያመንቱ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ግምገማ 5 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው 302 ሕፃናትን መርምሮ መቆረጡ የእናትን የጡት ጫፍ ሕመም በአጭር ጊዜ ውስጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ የልጁን አጠባብ ያሻሽላል ለማለት ግን ወጥ ማስረጃ አላገኘም። እርስዎ የሚያማርሩት ሕመሙን ስለሆነ ማስረጃው ያለው በእርስዎ በኩል ነው።

ከመቆረጡ በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። ሲወለድ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ ተወግቷል? በቤተሰቡ ደም አልቆም የሚለው ሰው አለ? ሦስተኛውን ብዙዎች ይዘልሉታል፦ አገጩ በጣም ወደ ኋላ የገባ ወይም ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ወይም ሰውነቱ ዝልፍልፍ የሚል ልጅ በተራ ክሊኒክ አይቆረጥም። አገጩ ትንሽ በሆነ ልጅ ላይ ክሩ ሲላቀቅ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ አየር መንገዱን ሊዘጋው ይችላል።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ልጁ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ጥቂት ጠብታ የስኳር ውሃ ይቀምሳል፣ ረዳት ጭንቅላቱን ይይዛል። ሐኪሙ መሐሉ የተሰነጠቀ ጠፍጣፋ ብረት ከምላሱ ሥር አስገብቶ ክሩን በስንጥቁ ውስጥ ይወጥረዋል፤ ከዚያ ጫፉ በደነደነ መቀስ፣ ወደ ምላሱ ተጠግቶ፣ ከአፍ ወለል ርቆ ጥቂት ሚሊሜትር ይቆርጣል። ከአፍ ወለል የሚርቅበት ምክንያት አለው፦ ከክሩ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ የምራቅ ቀዳዳዎች አሉ፣ ከምላሱ ሥርም ሰማያዊ ደም ሥሮች ይታያሉ። የሚወጣው ጥቂት ጠብታ ደም ነው፤ በጎዝ ተጫን ይደረግና ልጁ ወዲያው ጡት ይሰጠዋል። የተሻለው የደም ማቆሚያም ማስታገሻም ያው ጡቱ ነው።

ማደንዘዣ ቅባትን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ጥርስ ሲወጣ ድድ ላይ የሚቀባው ቤንዞኬይን ያለበት ጄል በምንም መንገድ አይቀባው። ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን የሚያጣበት አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትል ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል። ፓራሲታሞልም ቢሆን በዚህ ዕድሜ ሐኪም በክብደቱ አስልቶ ካላዘዘ አይስጡ፤ ትኩሳትን ይደብቃል። አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በፊት የለም።

ሌዘሩስ? ሌዘር መሣሪያ ነው እንጂ የተለየ ሕክምና አይደለም። ደም ያሳንሳል፤ ለሕፃን ግን ጊዜው ከመቀስ ይረዝማል፣ ሙቀቱም ጎረቤት ሥጋን ሊያቃጥል ይችላል፣ ልጁን ጨምሮ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ የዓይን መከላከያ ማድረግ አለበት። ለሕፃን ከመቀስ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። እጁ የለመደ ሐኪም በየትኛውም ይሥራ፤ «በሌዘር ስለሆነ» ተብሎ ግን ዋጋ አይቆለልብዎት።

ከተቆረጠ በኋላ ከምላሱ ሥር ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ ቅርፁ እንደ አልማዝ የሆነ ቦታ ያያሉ። ብዙ ወላጆች መግል መስሏቸው ይደነግጣሉ። የሚድን የአፍ ቁስል መልኩ እንዲህ ነው፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ አይፈግፍጉት። አጠባቡ አንዳንዱ ላይ ያኑ ዕለት ይሻሻላል፤ አንዳንዱ ምላሱን እንዴት እንደሚጠቀም እስኪለምድ ቀናት ይወስድበታል፤ ስለዚህ የጡት ማጥባት ባለሙያዋን በሳምንቱ ውስጥ ደግመው ያግኟት።

እዚህ ላይ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ጣት አስገብታችሁ ቁስሉን ወጥሩ፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይጣበቃል የሚል ትዕዛዝ ሊሰጥዎ ይችላል። አንዳንድ ክሊኒክ ሌሊት ልጁን ቀስቅሳችሁ ሥሩ እስከማለት ይደርሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ይህን አይመክርም፤ እኛም አንመክርም። ቁስልን ደጋግሞ መነካካት ልጁን ያሳምመዋል፣ አንዳንዱም አፉ አጠገብ የመጣ ነገር ሁሉ ያስፈራውና ጡት እምቢ ይላል፤ የተቆረጠበት ዓላማ እዚያው ይከሽፋል። የሚያስፈልገው የምላስ እንቅስቃሴ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ መጥባት ነው። ጥቂት ልጆች ላይ ጠባሳው ተመልሶ ሊይዝ ይችላል፤ ያ ሲሆን ሕመሙ ተመልሶ ስለሚመጣ ይታወቃል።

ጎዝ ተጭኖ ለ10 ደቂቃ ቆይቶም ደሙ ካልቆመ፣ ሁለት ተከታታይ ጥቢ እምቢ ካለ፣ ዳይፐሩ ደርቆ ከቆየ ወይም ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ከ3 ወር በታች ባለ ልጅ 38 ዲግሪ ራሱን የቻለ ድንገተኛ ጉዳይ ነው፤ ተቆረጠም አልተቆረጠ። በጥፍርም ሆነ በምላጭ ቤት ውስጥ መቁረጥ የሚባለውን ግን ከነጭራሹ አያስቡት፤ ያልታየ ደም ሥርና ያልጸዳ ስለት ቀልድ አያውቁም።

«አሁኑኑ ካልተቆረጠ ንግግሩ ይበላሻል» ለሚሉዎት መልሱ ቀላል ነው፦ ንግግርን ለመከላከል ተብሎ ሕፃን መቁረጥን የሚደግፍ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የታሰረ ምላስ ልጅን አፍ ከመፍታት አያዘገየውም። የሚያስቸግረው፣ ካስቸገረ፣ በምላስ ጫፍ የሚወጡትን ነው፤ ት፣ ድ፣ ን፣ ል፣ ር፣ ስ፣ ዝን የመሳሰሉትን። ችግሩ ታይቶ ያኔ ቢቆረጥም አይረፍድም። ልጅ ቃል ከዘገየበት የምላስ ክሩን ከማየት በፊት ጆሮው ይመርመር።

አሁን ከንፈሩ። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያይዘው ክር አራስ ልጅ ላይ ከድዱ ጠርዝ ድረስ ወርዶ መታየቱ የተለመደ አፈጣጠር ነው፤ የሌለበትን ልጅ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። ለመጥባት የላይኛው ከንፈር ወደ ውጭ መገልበጥ አለበት የሚለውም የተጋነነ ነው፤ ጡቱ ላይ ገጥሞ ማረፉ ይበቃዋል። ከንፈሩ መሐል ላይ የምትታየው ትንሽ ውሃ የቋጠረች ነገርም ከመጥባት የምትመጣ እንጂ የመታሰር ምልክት አይደለችም። የከንፈር ክር መቁረጥ አጠባብን ያሻሽላል ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ የለም። የጉንጭ ክር የሚቆርጡም ስላሉ፣ ያ ከመጣ ደግሞ ጫማዎን ያድርጉና ይውጡ።

ወደ ሴት ልጅዎ ስንመጣ የጥርስ ሐኪሙ ክሩን ማየቱ ልክ ነው፤ ጊዜውን ነው የሳተው። በወተት ጥርስ መካከል ፍንጭት መኖሩ መልካም ነው፤ የሚተኩት ቋሚ ጥርሶች ሰፋፊ ስለሆኑ ቦታ ያገኛሉ። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ ተራርቀው ይወጣሉ፤ ከጎን ገና ያልወጡት ጥርሶች ሥራቸውን ስለሚገፉት ነው። የላይኞቹ ክራንቻዎች በ11 እና 12 ዓመት ሲወጡ ጥርሶቹን ወደ መሐል ይሰበስቧቸዋል። እስከ 2 ሚሊሜትር የሚደርስ ፍንጭት ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይዘጋል። የመንጋጋው አጥንት ወደ ታች ባደገ ቁጥር ክሩም ከጥርሱ እየራቀ ወደ ላይ ይቀራል።

ክራንቻዎቿ ወጥተውም ፍንጭቱ ካለ ያኔ ይታያል። ሐኪሙ ከንፈሯን ወደ ላይ ሲስበው በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለችው የድድ ሥጋ ከነጣች ክሩ እስከዚያ ዘልቆ ገብቷል ማለት ነው። ራጅም ይነሣ፤ መሐል ላይ የተደበቀ ትርፍ ጥርስ ሊኖር ይችላል፣ እሱ እያለ ክር መቁረጥ ከንቱ ነው። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ፍንጭቱ ይዘጋል፣ ቀጥሎ ክሩ ይቆረጣል፣ ከዚያ ጥርሱ እንዳይመለስ መያዣ ይደረጋል። ፍንጭቱ ክፍት እያለ ቢቆረጥ እዚያው የሚያድነው ጠባሳ ጥርሶቹ እንዳይገናኙ ሊከለክል ይችላል። ዛሬ የአራት ዓመት ልጅን ቆርጦ ፍንጭት ይዘጋል ማለት እንግዲህ በሁለት በኩል ስሕተት ነው።

እስከዚያው ሥራዎ መቦረሽ ነው። ክሩ ብሩሽ ሲነካው ስለሚያም ልጆች የላይኛውን የፊት ጥርስ ማስቦረሽ እምቢ ይላሉ። ከንፈሯን በሌባ ጣትዎ ቀና አድርገው ጣትዎን ክሩ ላይ ይደግፉት፤ ብሩሹ ጣትዎን ይመታል እንጂ ክሩን አይነካም። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ይበቃታል፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል ነው። ወድቃ ክሩ ቢበጠስ አይደንግጡ፤ ደሙ ብዙ ይመስላል፣ ለ10 ደቂቃ ከንፈሯን ወደ ጥርሷ ተጭነው ይያዙት። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ስፌት ይድናል።

«ር»ን «ል» ማለቷ የሚያስጨንቅዎት አይመስለንም፤ እንዲያውም ምላሷ እንዳልታሰረ የሚጠቁም መልካም ምልክት ነው። «ል» የሚወጣው የምላስ ጫፍ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ያለውን ድድ ሲነካ ነው። «ር»ም የሚወጣው እዚያው ሰፈር ነው፤ ልዩነቱ ጫፉ መንካት ሳይሆን መንቀጥቀጥ ስላለበት ነው። «ላላላ» የምትል ልጅ ምላሷ ቦታው ይደርሳል፤ የጎደላት ልምምድና ዕድሜ ነው። «ር» ብዙ ልጆች ዘግይተው ከሚችሏቸው ድምፆች አንዱ ነው። የላይኛው ከንፈር ክር ደግሞ ከ«ር» ጋር ጨርሶ አይገናኝም። እስከ 6 ዓመት ጠብቀው ካልተስተካከለ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዷት። አሁኑኑ የሚወስዷት ከቤተሰብ ውጭ ያለ ሰው የምትለውን የማይረዳት ከሆነ ነው፤ በአራት ዓመቷ እንግዳ ሰውም አብዛኛውን ሊረዳት ይገባል። ያኔም መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ታድርግ።

የባለቤትዎ ጉዳይ ይቀራል። ጫፉ የሚሰረጉድ ምላስ ክሩ ከፊት መያዙን ያሳያል፤ ግን 36 ዓመት አብሮት የኖረ ሰው ምላሱን በሌላ መንገድ ማሠራት ለምዷል። የሚያስቆርጡበት ምክንያት እነዚህ ናቸው፦ ከምግብ በኋላ በጉንጭና በድድ መካከል የቀረውን በምላስ ማውጣት አለመቻል፣ ክሩ በታችኛው ጥርስ ጠርዝ እየተፋቀ መቁሰል፣ ከታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ድዱ እየሸሸ መሄድ፣ የሚያስቸግር ድምፅ መኖር፣ ዕድሜ ሲገፋም የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ በክሩ እየተነሣ አልቀመጥ ማለት። ማንኮራፋት፣ የአንገት ሕመም፣ የወገብ ሕመም በምላስ ክር ይድናል የሚለው ወሬ ከማስረጃው ቀድሞ የሮጠ ነው። ተኝተው ትንፋሻቸው ቆም እያለ የሚመለስ ከሆነ፣ ቀን ቀንም እንቅልፍ የሚጥላቸው ከሆነ የሚያስፈልጋቸው የእንቅልፍ ምርመራ ነው፤ ያን ትቶ ምላስ መቁረጥ ዋናውን በሽታ ያስደብቃል።

ቤት ውስጥ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። አፋቸውን እስከቻሉት ከፍተው ከላይኛው ጥርስ ጠርዝ እስከ ታችኛው ይለኩ፤ 48 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። ቀጥሎ የምላሳቸውን ጫፍ ልክ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ አስነክተው ሳያነሡ የቻሉትን ያህል ይክፈቱ፤ 22 ሆነ እንበል። 22 ለ48 ሲካፈል 46 በመቶ ገደማ ነው። ከ80 በላይ ነፃ፣ ከ50 እስከ 80 መካከለኛ፣ ከ50 በታች የተያዘ፣ ከ25 በታች በጣም የተያዘ ይባላል። ቁጥሩ ግን ብቻውን ለቢላ አያበቃም፤ ከላይ ካነሣናቸው ችግሮች አንዱ አብሮት ሊኖር ይገባል።

ከተወሰነ፣ አዋቂ ላይ የሚሠራው ከሕፃኑ የተለየ ነው። በአካባቢ ማደንዘዣ፣ ተቀምጠው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ክሩ ወደ ጎን ሲቆረጥ ቁስሉ ተከፍቶ የአልማዝ ቅርፅ ይይዛል፤ ሐኪሙ ያንን ወደ ቁመት አዙሮ በሚሟሟ ክር ይሰፋዋል፤ ርዝመት የሚገኘው ከዚህ ነው። ክሩ በጣም አጭርና ወፍራም ሲሆን በዜድ ቅርፅ ተቆርጦ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ሥጋዎች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ሲሆን በስሌት 75 በመቶ ርዝመት ይጨምራል፤ አፍ ውስጥ የሚገኘው ግን ከስሌቱ ያንሳል። ስሕተት ሲሠራ የሚሠራው ስፌቱ ላይ ነው፦ መርፌው የምራቅ ቀዳዳውን አብሮ ከሰፋ ምግብ ባዩ ቁጥር ከአገጭ ሥር ያብጣል። ይህ ከታየ ሳይቆዩ ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፤ ስፌቱ ይፈታል። የምላስ መደንዘዝም ሊያጋጥም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ያዘዘላቸው ሐኪም ሳያውቅ ግን አያቋርጡ። ማደንዘዣው እስኪለቅ ትኩስ ነገር አይጠጡ፣ አያኝኩ፤ ምላሳቸውን ነክሰው የሚያውቁት ማታ ነው። ለጥቂት ቀን ለስላሳና ቀዝቀዝ ያለ ይብሉ፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ይጉመጥመጡ። ሲጋራ ካለ ቁስሉን ያዘገየዋል።

አዋቂ ላይ እንቅስቃሴው እንደ ሕፃኑ አይዘለልም፤ ጠባሳ እየደረቀ ሲሄድ ስለሚኮማተር ቁስሉ ከዳነ በኋላም ባሉት ሳምንታት ይቀጥላል። ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ፣ አፍን ከፍቶ የምላስ ጫፍን ከላይኛው ጥርስ ጀርባ 10 ሰከንድ መያዝ፤ ምላስን በሙሉ ላንቃ ላይ አጣብቆ አፍ እየከፈቱ ጠቅ አድርጎ መልቀቅ፤ ጫፉን ከውስጥ ወደ ግራና ቀኝ ጉንጭ መግፋት። እያንዳንዱን 5 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። ቢቻል ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ለሁለት ሳምንት ያህል ይለማመዱት፤ ቁስል አፍ ውስጥ እያለ አዲስ እንቅስቃሴ መማር ከባድ ነው። የሚያስቸግራቸው ድምፅ ካለ መቆረጡ ብቻውን አያስተካክለውም፤ ምላሱ አሮጌውን መንገድ ለምዶታልና የንግግር ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል።